ጠዋት ጠዋት የሚያትመው ፕሪንተር

ኮኪት አጠገብ በነበረ የመንግሥት እርሻ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ሳለሁ፣ ከእኔ ሌላ የኮምፒዩተሩን ነገር የሚያውቅ አልነበረም። እኔንም ያስተማረኝ የለም። አብሮት የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ያው ነው ትምህርቴ።

በዚያ ዓመት ቢሮው ከሰሊጥና ከናፍጣ ደብዳቤ ሌላ የሚያትመው ነገር ነበረው፦ ለብሔራዊ ውትድርና የሚወሰዱ የቀን ሠራተኞች ስም ዝርዝር። የሚጽፈው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነው፣ በሩን ዘግቶ። እኔ አላየውም፤ ማየትም አልፈልግም። በአንድ ክፍል አብሮኝ የሚያድር የወሎ ልጅ ነበርና የእሱን ስም እዚያ ላይ እንዳላገኝ እፈራ ነበር።

እሱ ግን ይቀልድበታል።

«ስሜ የወጣ ቀን ገላባት ተሻግሬ ሻይ እጠጣለሁ። ሱዳኖቹ በስኳር አይሰስቱም።»

«መውጣቱን በምን ታውቃለህ?»

«ይታወቃል! እስካሁን የተፈለገው ሁሉ ቀድሞ አውቆ የለ እንዴ!»

እውነቱን ነው። ባለፉት ሁለት ዙሮች ምልምሎቹን የሚወስደው መኪና ሲመጣ ስማቸው ከተጠራው ብዙዎቹ አልተገኙም። የእርሻው ካድሬ «ወሬው ከዚህ ቤት ነው የሚወጣው» እያለ ዓይን ዓይናችንን ማየት ጀምሮ ነበር።

ጉድለቱን ያገኘሁት ቢሮውን የሚጠርጉት ሴት ወባ ይዟቸው የቀሩ ዕለት ነው። እትዬ ነው የምንላቸው። ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ይገባሉ። እሳቸው ሲቀሩ ቁልፉ ለእኔ ተሰጠኝና ጀነሬተሩ ገና ሲነሳ ገባሁ። ማንም ሳይነካው ፕሪንተሩ ይንጫጫል። የወጣው ወረቀት ትናንት አመሻሽ ላይ ያተምነው የናፍጣ መጠየቂያ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ኮምፒዩተሩ የእኛን ፊደል ማተም ስለማያውቅ፣ በእሱና በፕሪንተሩ መካከል የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም ተጭናለት ነበር። ፕሮግራሟ የሚታተመውን ጽሑፍ መጀመሪያ ዲስክ ላይ ትገለብጠዋለች፤ ማሽኑ በሥርዓት ሲዘጋ ደግሞ ቅጂውን ታጠፋዋለች። እኛ ዘንድ ግን በሥርዓት ተዘግቶ አያውቅም፤ ጀነሬተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ማብሪያው እንደተጫነ ስለሚያድር ጠዋት ከጀነሬተሩ ጋር ይነሳል። ያን ጊዜ ፕሮግራሟ ቅጂውን ታገኝና ያልጨረሰችው ሥራ መስሏት እንደ አዲስ ታትማለች። ማለት፣ አመሻሽ ላይ የታተመ ማንኛውም ምስጢር ጠዋት ቀድሞ ለገባ ሰው ይወጣለታል።

ይህንን አራት ገጽ አድርጌ ጻፍኩና ለሥራ አስኪያጁ ወሰድኩለት።

«ከባድ ነው?» አለኝ።

«ቀላል ነው ጓድ። ክፍሉ ውስጥ ያልገባ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም።»

«ቀላል ከሆነ አራት ገጽ ምን አስጻፈህ?» ብሎ ሣቀ። ቀጥሎ ግን ሣቁን ተወና «በል ዛሬውኑ አስተካክለው» አለኝ።

ማሽኑ ሲነሳ በሚያነባቸው ትእዛዞች ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ፕሮግራሟ ከመንቃቷ በፊት ቅጂው እንዲጠፋ። አንድ መስመር ብቻ። ካድሬውን ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ፈርቼማ ነበር፤ ማሽኑን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጥርጣሬው ወደ እኔ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ደስም ብሎኝ ነበር። ሌላው ቀርቶ ያ ወረቀት ጠዋት ጠዋት ሲወጣ ከርሞ የት ይገባ እንደነበር ራሴን አልጠየቅኩም። ወይም መጠየቅ አልፈለግኩም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ጸሐፊው በሩን ዘግቶ አተመ። በነጋታው ስገባ እትዬ መጥረጊያቸውን ይዘው ፕሪንተሩ አጠገብ ቆመዋል። ወባው ገና አልለቀቃቸውም፤ ነጠላቸውን ተከናንበዋል።

«ዛሬ ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?»

«አስተካከልኩት እትዬ። ጉድለት ነበረበት።»

«ማን አስተካክል አለህ?»

«ማንም። እኔው ነኝ ያገኘሁት።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መጥረግ ቀጠሉ። የዚያን ጊዜ ገባኝ። ገብቶኝም ምንም ማድረግ አልቻልኩም፤ ዝርዝሩ በጸሐፊው መሳቢያ ተቆልፎበታል፣ ከዲስኩ ላይ ደግሞ የእኔ መስመር አጥፍቶታል። ማታ ለወሎዬው «ለማንኛውም ነገ ተሻገር» አልኩት። «የሁለት ሳምንት ደመወዜን ለማን ትቼ?» አለና ፊቱን አዙሮ ተኛ።

በሦስተኛው ቀን መኪናው መጣ። ሠራተኞቹን ሰሊጥ በሚራገፍበት ሜዳ ላይ ከበቧቸው፤ ስሙ የተጠራ ሁሉ ነበረ። ወሎዬው ራሱ ላይና ቅንድቡ ላይ ሰሊጥ እንደተበተነበት ጫኑት። ከላይ ሆኖ አየኝና ጮኸ።

«ያን ማሽንህን አደራ! ከሰው አብልጠህ ነው የምትወደው!»

እየሣቀ ነው ያለው። ምንም አያውቅም።

እትዬ ከጎኔ ነበሩ። «አራተኛ ነው የተጠራው» አሉኝ። «ወረቀቱ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ከእሱ በፊት ያሉትንም አንብቤ አስጠነቅቃቸው ነበር።»

«አላወቅኩም እትዬ።»

«አንተ ደግሞ የማታውቀው ነገር አለ እንዴ?»

በዚያው ዕለት መስመሩን አጠፋሁት። ፕሪንተሩ እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ማተም ጀመረ፤ የሚያትመው ግን የናፍጣና የጆንያ ደብዳቤ ነበር። ማሽኑ ቅጂ እንደሚያስቀምጥ ጸሐፊው ከእኔ አራት ገጽ ስለተማረ ዝርዝሩን በእጁ መጻፍ ጀምሯል።

ከወር በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ መጣልኝ። ሥራ አስኪያጁ ጽሑፌን ልኮላቸው ኖሯል። የጨመርኳት መስመር በዲስክ ተገልብጣ ያችኑ ፕሮግራም ለሚጠቀሙት እርሻዎች ሁሉ ተልካለች ይላል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ተቀምጬ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፦ መስመሯ ስሕተት እንዳለባት፣ ሌሎች መዝገቦችንም እንደምታጠፋ፣ በአስቸኳይ እንድትነሳ። ውሸት ነበር። በሥራ ወረቀት ላይ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለማሳመንም እንደ ልማዴ ዝርዝር አበዛሁበት።

መልሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር መጣ። በየእርሻው ተሞክሮ ምንም ችግር አልታየም፤ የጠፋ መዝገብ የለም። ስለ ጥንቃቄዬ በድጋሚ አመስግነውኛል።