ባለ ስምንት ቀንዱ ራውተርና የቱንቢ ግድግዳ

አጎቴን ሰው ሁሉ ቱንቢ ይለዋል። ቱንቢ ግንበኛ የግድግዳውን ቀጥ ማለት የሚያይበት፣ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው፤ የአጎቴ ከኪሱ ተለይቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ወገቡን አሞት ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሙ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ሲለው ቱንቢውን አውጥቶ የበሩን መቃን ለካና «የኔስ ይቆየን፤ ይሄ በር ግን ታሟል» አለው። ሐኪሙ ለወገቡ መድኃኒት አዘዘለት፤ አጎቴ ለበሩ አናጢ ላከለት። በሩ በሦስተኛው ቀን ዳነ። ወገቡ እስካሁን አልዳነም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲገነባ ኖሮ የሚመካበት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የራሱ ቤት። ሦስት ክፍሎች እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥለው ቆመዋል፤ የሁሉም በር ወደ ግቢ ነው። በፊተኛው ሚስቱ ልብስ ትሰፋለች፣ በመካከለኛው እኔ ከመጻሕፍቴ ጋር እኖራለሁ፣ የመጨረሻው የሴት ልጁ ነው። በመሀል ያሉት ግድግዳዎች ስልሳ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጥርብ ድንጋዮች ናቸው። ለምን እንዲህ እንዳወፈራቸው ሲጠየቅ «ግድግዳ ነዋ!» ይላል። ከወዲያ ያለ ሰው ቢጮህ ወዲህ አይሰማም። እኔ ይህን እወደዋለሁ። ሚስቱ ግን ለምሳ በጠራችን ቁጥር ግቢውን መዞር ስላለባት ግድግዳውንም ባሏንም ትረግማለች።

ጣጣው የመጣው ልጁ ሥራ ስታገኝ ነው። ሥራው ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት የሚሠራ ነው፤ ሰዎች ሲሰበሰቡ እያዳመጠች የሚናገሩትን በጽሑፍ ታሰፍራለች። መጀመሪያ የአንድ ሳምንት ሙከራ አለ፤ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጀምራል። መስመሩ ሁለት ጊዜ ከተቋረጠባት ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። የቤቱ ኢንተርኔት ደግሞ የሚገባው በፊተኛው ክፍል ነው፤ አሮጌዋ ራውተር ከስፌት መኪናው አልፋ አትሄድም። በልጁ ክፍል እንኳን ዋይፋይ የስልክ ኔትወርክም የለም። ስልክ ልታናግር ወደ ግቢ ትሮጣለች። በስፌት መኪና ጫጫታ መሀል ተቀምጦ የሰው ስብሰባ ማዳመጥም አይታሰብ።

«አባዬ፣ ጓደኛዬ መሀል ከተማ ክፍል ተከራይታለች። ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው፤ አብረን እንኑር ብላኛለች» አለችው ሐሙስ ምሳ ላይ።

አጎቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። «ቤት እያለሽ?»

«ቤቱ አይስብማ!»

«ምኑን ነው የማይስበው?»

«ዋይፋይ ነዋ፣ አባዬ። አይስብም።»

«እንግዲያው የሚስብ ይገዛል» አለ።

ይህችን «ይስባል» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ። ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው እሷ ናት።

ዓርብ አብሬው ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ራውተሮቹን እንደ ጫማ ደርድሯቸዋል። አጎቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በፊታቸው ወዲያ ወዲህ አለ።

«የኔ ልጅ፣ በደንብ የሚስበው የትኛው ነው?»

«እንደ ቤትዎ ነው፣ አባቴ። ግድግዳው ከምንድን ነው የተሠራው?»

በዕድሜው እንዲህ ብሎ የጠየቀው ነጋዴ ገጥሞት አያውቅም። ፊቱ በራ። «ድንጋይ! ጥርብ! ስልሳ ሳንቲ ሜትር!»

ሻጩ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ደፋ። «ዋይፋይ እንዲህ ያለ ግድግዳ አይወድም።»

«የኔን ግድግዳ? ማን ስለሆነ ነው የማይወደው?»

«ማለቴ፣ አያልፈውም። ግድግዳውን ትንሽ በስተው ገመድ ቢያሳልፉና ከወዲያ ባለው ክፍል ሌላ ትንሽዬ ቢያደርጉ...»

«ልብሳ?» ወደ እኔ ዞረ። «ልብሳ ነው የሚለኝ?» እኔ ኮርኒሱን አየሁ። «ስማ የኔ ልጅ፣ እኔ ያቆምኩትን በስቼም አፍርሼም አላውቅም። የሚስበውን ብቻ አምጣልኝ።»

ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳ በመዳፉ ይመዝናቸው ጀመር። ሻጩ ስለ ፍጥነት ይነግረዋል፤ እሱ አይሰማም። በአጎቴ ሙያ የሚስብ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ክብደት ያለው። ቱንቢ ክሩን ቀጥ አድርጎ የሚስበው ስለሚከብድ ነው፤ ቀላል ከሆነ ነፋስ ይጫወትበታል። ስለዚህ በደንብ የሚስበው ራውተር ከባዱ ራውተር ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ስምንት አንቴና ያለውን ጥቁሩን ሲያነሳ ክንዱ ዝቅ አለ፤ ዓይኑ ግን ከፍ አለ።

«ይሄ ይስባል» አለ።

«እሱ እንኳ ለአዳራሽ ነው...»

«ቀንዱም ስምንት ነው። ጠቅልልልኝ!»

ሻጩ እየጠቀለለ «የይለፍ ቃሉ ከሆዱ ሥር ተጽፏል» አለ። አጎቴ «እሺ፣ እሺ» አለው። እኔም ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ረፋዱን ክፍሌ ውስጥ ሳነብ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የሚሠራው እንደማይሰማኝ ታውቃላችሁ። ለምሳ ስወጣ ሁሉም አልቋል። አጎቴ «ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ነገር እንግዳ ነው፤ የቤቱ የሆነ ነገር ይገነባል» ብሎ ከግድግዳው ጋር ትንሽ የጡብ ዙፋን ገንብቷል። ራውተሩን መሀሉ አስገብቶ በሲሚንቶ ለስኖታል። ከፊት መብራቶቹ፣ ከላይ ስምንቱ ቀንዶች ብቻ ይታያሉ። እንዳይታፈን ሁለት መተንፈሻ ትቶለታል። የመስመሩም የኤሌክትሪኩም ገመድ ልስኑ ውስጥ ገብቷል። ቀንዶቹን አንድ በአንድ በቱንቢ ለክቶ ቀጥ አድርጓቸዋል።

«አያምርም?»

ያምር ነበር። መዋሸት አልችልም።

ማታ ሲደርቅ አበራነው። ስሙ ስልኬ ላይ ወጣ፤ ነካሁት። «የይለፍ ቃል ያስገቡ» አለ።

«ከሆዱ ሥር ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ሆዱ የት ነው?» አለች ሚስቱ።

አጎቴ በጣቱ ሲሚንቶውን አሳየን። ካርቶኑ ላይ የተጻፈ እንዳለ ብዬ ፈለግኩ፤ ለካ ሲሚንቶውን ያቦካው ካርቶኑ ላይ ነው። ሻጩ ጋ ደወልን፤ «የእያንዳንዱ ለየብቻ ነው፤ ከሥሩ ይዩት» አለን። መገመት ጀመርን። አጎቴ የተወለደበትን ዓመት ሰጠኝ፤ እምቢ አለ። የቤቱን ቁጥር ሰጠኝ፤ እምቢ። «‹ግድግዳ› ብለህ ጻፍ» አለኝ። እምቢ።

«‹ግትር› ብለህ ሞክር፤ እሱ ይከፍተዋል» አለች ሚስቱ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን እለስነዋለሁ!»

«መለሰንማ ታውቅበታለህ። ያቃተህ ማፍረስ ነው።»

እሑድ ጠዋት አጎቴን ልጁ ክፍል በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። እሷ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብሷን እያጠፈች ትደረድራለች። አልተቆጣችም፤ ከቁጣ የባሰውም ይህ ነው።

«በየእሑዱ እመጣለሁ፣ አባዬ» አለችው።

ኪሱ ውስጥ ቱንቢውን ሲያሻሽ አየሁት። ከዚያ ሄዶ መሮና መዶሻ ይዞ ተመለሰ፤ ወደ ፊተኛው ክፍል ገባና «በሩን ዝጉት። ሰው እንዳያየኝ» አለ።

ዙፋኑን መስበር ሁለት ሰዓት ፈጀ። ግንበኛ የሌላ ግንበኛ ሥራ ሲያፈርስ የሠራውን ሰው መስደብ ልማዱ ነው። አጎቴም ላቡ ጠብ ጠብ እያለ «ማን ነው ይሄን ያህል ሲሚንቶ የጠቀጠቀበት? ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው?» ይላል።

«አንተ ነህ» አለች ሚስቱ።

«አውቃለሁ!»

ራውተሩ ወጣ። ሆዱን በጥርስ ብሩሽ አጥቤ ቃሉን አነበብኩ። ፊተኛው ክፍል ውስጥ ስልኬ ላይ ኢንተርኔቱ እንደ ንፋስ በረረ። ስልኩን ይዘን ወደ መጨረሻው ክፍል ሮጥን። ስልኩ ላይ አንዲት የዋይፋይ መስመር ብልጭ ብላ ጠፋች።

«አላለፈም?» አለ አጎቴ።

«አላለፈም።»

አንድ አፍታ ፊቱ ላይ ኩራት ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። «ጥሩ ግድግዳ ነው እኮ» አለ። ከዚያ ሻንጣውን አየ። ተዘግቷል። ኩራቱም ጠፋ።

መሮውን እንደገና አነሳ። «ለገመድ የምትሆን፣ ጣት የምታህል ብቻ» አለ። ጣት የምታህል ቀዳዳ ከፈተ። ቱንቢውን ሲያንጠለጥልባት ጎኗ ጠማማ ሆና ተገኘች። አሰፋት። አሁን ላይዋ ጠመመ። አሁንም አሰፋት። እንዲህ ሲያቃና፣ ሲያቃና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱም ግድግዳዎች ላይ ልክ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ተከፍተዋል። ከስፌት መኪናው ሆኖ የልጁ አልጋ ይታያል። መጻሕፍቴ አቧራ ለበሱ፤ ክፍሌም የዋይፋይ መንገድ ሆነ። ገመዱን ያስታወሰው የለም። ራውተሩን ጠረጴዛ ላይ እንደ እንግዳ አስቀመጥነው፤ እሱም ሳበ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ልጁ ማዳመጫዋን አደረገች። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ በእጇ ትሰፋለች። ለአንድ ሰዓት ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ ድንገት ከወዲያ በኩል ጩኸት መጣ፤ «ተቋረጠ! አንድ!»

ዘወር ስንል አጎቴ በመካከለኛው ክፍል መስኮት ውስጥ ግማሽ አካሉን አስገብቶ ቆሟል፤ መቃኑን በቱንቢ እየለካ። ደረቱ ከግድግዳው ብዙም አያንስም።

«ውጣ ከዚያ! አንተም ግድግዳ ነህ!» ብላ ሚስቱ በኮሌታው ጎትታ አወጣችው። መስመሩ ተመለሰ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሁለተኛ አልተቋረጠም፤ አጎቴ ከመስኮቶቹ አምስት እርምጃ እንዲርቅ ተፈርዶበት ነበርና። ቅዳሜ ሥራው የእሷ መሆኑ ተነገራት፤ ሻንጣውም ባዶውን አልጋ ሥር ገባ።

የሚያውቁት ግንበኞች ሊያሾፉበት መጥተው ነበር። «ቱንቢ፣ አፈረስክ አሉ?» ሲሉት «ምን አፈረስኩ? መስኮት ነው የከፈትኩት» ይላቸዋል፤ ቀጥ ማለቱንም እንዲለኩ ቱንቢውን ያቀብላቸዋል።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት አምስቱን እርምጃ ቆጥሮ ይቆምና በሁለቱ መስኮቶች አሻግሮ ይጣራል።

«ይስባል?»

«ይስባል፣ አባዬ!»

ቱንቢውን በአየር ላይ አንጠልጥሎ ትንሽ ያየዋል፤ ከዚያ ወደ ኪሱ ይመልሰዋል።