የቼኮቹ እድርና የእኛው

ልጅ ሳለሁ ተረት ያወሩልኝ ሰው ዘመዴ አልነበሩም፤ ያገሬ ሰውም አልነበሩም። ካሬል የሚባሉ፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ቶሮንቶ መጥተው እዚያው ያረጁ ቼክ ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የቼኮቹን ማኅበር አዳራሽ ታጸዳ ነበር። ከቶርንክሊፍ ፓርክ አውቶቡስ ይዘን እንሄድና እሷ ወለሉን ስትወለውል እኔ ጓዳ እገባለሁ። ጓዳው ውስጥ በእንጨት የሚነድ የብረት ምድጃ ነበረ። ሕንፃው ደህና ማሞቂያ ነበረው፤ አባባ ካሬል ግን «ማሞቂያ ዙሪያ ማን ይቀመጣል?» ይሉና እንጨቱን ይማግዳሉ። የፒፓቸው ጭስ፣ የፍሙ ወላፈን፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለችው ደብዛዛ አምፖል፣ ከወዲያ ደግሞ እናቴ የምትጎትተው ባልዲ ድምፅ፤ ያኔ ተረት ማለት ለእኔ ይህ ነበር።

«አባባ» ብዬ እንድጠራቸው ያዘዘችኝ እማዬ ናት። ፈረንጅም ቢሆኑ ሽበት ሽበት ነው ብላ። ሥራዋን ስትጨርስ እጇን ጠራርጋ ከጎናችን ትቀመጣለች፤ እንግሊዝኛዋ ከሰላምታ ስለማያልፍ የሰማሁትን እያንዳንዱን ነገር ላስተረጉምላት ግድ ነበር።

የሚያወሩት ስለ ማኅበራቸው ነው። ድሮ፣ ይላሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ወንዝ ዳር ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በበረዶ ወራት ከመካከላቸው አንዱ፣ ወንደላጤ፣ ዘመድ የሌለው፣ ታሞ ሞተ። ጓደኞቹ ከሥራ ወጥተው ሲደርሱ የከተማው ጋሪ ሬሳውን ወስዶታል። የት እንደተቀበረ የሚነግራቸው ሰው አጡ፤ የሚነግራቸው ቢያገኙም ቋንቋውን አይሰሙም ነበር። በማግስቱ ፋብሪካው ጓሮ ተሰብስበው፣ ከእንግዲህ ከእኛ አንዱንም ባዕድ አይቀብረውም ተባብለው ማሉ። የታመመ ሊጠየቅ፣ የሞተ በወጉ ሊቀበር፣ ሚስቱና ልጆቹ ሜዳ ላይ እንዳይወድቁ። አዳራሹንም ከሥራ መልስ ጡብ እየተሸከሙ በገዛ እጃቸው ሠሩት። የመድረኩ መጋረጃ ላይ አንድ ማኅበርተኛ ያገራቸውን ወንዝና ድልድይ ስሎበት ነበር፤ ሰውየው ድልድዩን ዳግመኛ ሳያየው ሞተ አሉ።

«ወይ ጉድ!» አለች እማዬ ይህን ስነግራት። «ፈረንጅም እድር አለው እንዴ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስማቸው «የቼኮቹ እድር» ሆነ። እማዬ እድር ትወድ ነበር። በዚያ አገር ከእኔ በቀር ማንም ያልነበራት ሴት፣ መሞት ሳይሆን ሬሳዋ ባዕድ እጅ መውደቁ ነበር የሚያስፈራት። ስለዚህ የእኛ ሰዎች እድር ሲያቋቁሙ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች፤ መሰብሰቢያ ቦታ ሲቸገሩም አባባ ካሬልን በእኔ አፍ ለምና አዳራሹን ያስፈቀደችላቸው እሷ ናት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ይሰበሰቡ ጀመር። ሊቀመንበሩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይሉ ስብሰባ አይከፍቱም ነበር።

አንድ አመሻሽ አባባ ካሬል ከሣጥን ውስጥ አንድ ሪባን አወጡ። ደረት ላይ የሚሰካ፣ ከወርቅማ ዘርፍ ጋር፣ ቀይና ነጭ። ገልበጥ ሲያደርጉት ጀርባው ጥቁር ነው፤ በብር ክር ተጽፎበታል። «በበዓል ቀን ቀዩ በፊት ይሆናል» አሉ፤ «ሰው ሲሞትብን ጥቁሩ።» ላስተረጉም አፌን ስከፍት እማዬ ቀድማ ገብቷት ነጠላዋን አወረደች። ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ለበሰችና ፈገግ አለች፤ ከዚያ ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አደረገችና ፊቷን አጠቆረች። ሽማግሌው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ያለ እኔ ሲግባቡ ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነበር፣ ትንሽም ቀናሁ።

የማኅበሩን መከፋፈል የነገሩንም ያን ጊዜ ነው። ባሕር ማዶ ያገራቸው መንግሥት ተለወጠ፤ ለውጡም እስከዚህ ጓዳ መጣ። ግማሾቹ ደገፉ፣ ግማሾቹ ረገሙ። አብረው ጡብ የተሸከሙ ሰዎች አንዱ አንዱን ሰላይ ይለው ጀመር። በመጨረሻ በቁጥር ያነሰው ወገን በድምፅ ብልጫ ተባረረ፤ ልብስ ሰፊው የካሬል አባትም ከተባረሩት ነበሩ። ብዙ አልቆዩም፣ ሞቱ። የቀብራቸው ዕለት ማኅበሩ አዳራሹ ውስጥ ጭፈራ ነበረው። ሰዎቹ በሌላ መንገድ መሄድ ሲችሉ ሆነ ብለው በለቅሶው ቤት ደጅ አለፉ፣ ሁሉም ሪባናቸውን በቀዩ በኩል ሰክተው። ካሬል ያኔ ጎረምሳ ነበሩ፣ በመስኮት ያያሉ።

«አንዱ የአባቴ የልብ ጓደኛ ነበር» አሉን። «ቀና ብሎ አየኝና ሪባኑን አስተካክሎ አለፈ።»

እማዬ ከንፈሯን መጠጠች። «ታዲያ እሳቸው እዚህ ምን ይሠራሉ? በያቸው እስቲ።»

ጠየቅኋቸው። አባባ ካሬል ፒፓቸውን ምድጃው ላይ አራገፉና፣ «ተመልሼ ገባሁ፤ ሁሉንም ቀበርኳቸው» አሉ። «ተራ በተራ፣ ጥቁሩን ሰክቼ። ቂሜን የተወጣሁት እንደዚህ ነው።» ብለው ከት ብለው ሳቁ፤ እኛም ተከትለን ሳቅን።

በሚቀጥለው እሑድ እማዬ ይህን ታሪክ ብርጭቆ ለሚያጥቡት የእድር ሴቶች አወራችላቸው። ከሁሉ የበለጠ የሳቀችው እትዬ አስካለ ናት፤ ከእኛ ሁለት በር አልፋ የምትኖር፣ እማዬ ማታ ሥራ ስትገባ እኔን አዝላ ያስተኛች፣ እህት የምንላት ሴት። «ኧረ እነዚህ ፈረንጆች ጉዶች ናቸው!» አለች። «ለቅሶ ላይ ይኮራረፋሉ? ሬሳ ምን አደረጋቸው በናታችሁ?»

ከዚያ ባገራችንና በአስመራ መካከል ጦርነት ተነሣ። እማዬ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ትግርኛዋ ከእንግሊዝኛዋ ብዙም አይበልጥም። አባቷ ግን የአስመራ ሰው ነበሩ፣ በስተርጅናም ወደዚያው ተመልሰው ነበር። ስሟ ለተብርሃን ነው። ከጦርነቱ በፊት ሰው ያን ስም እያቆላመጠ ነበር የሚጠራው፤ አሁን ግን ሲጠሩት ቆም ብለው ያዩዋት ጀመር።

አንድ እሑድ ለአስቸኳይ ጉዳይ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። እማዬ እንደ ልማዷ ቀድማ ሄዳ ወንበር ደረደረች። ሰው ሲሞላ ሊቀመንበሩ መጥተው «እመት ለተብርሃን፣ ለትንሽ ደቂቃ ወጣ ቢሉልን» አሏት። ወትሮ «ለተዬ» ነበር የሚሏት። ጓዳ ገብታ ካለፈው ሳምንት የቀረውን ብርጭቆ ማጠብ ያዘች። የአዳራሹ ጩኸት በግድግዳው ያልፍ ነበር።

አባባ ካሬል ምድጃው አጠገብ ነበሩ። «ምን ይላሉ?» አሉኝ።

«የዚያ ወገን ሰዎች ከእድሩ ይውጡ ይላሉ።»

ወደ እናቴ ጀርባ እያዩ፣ «እሷስ?»

«እሷም።»

 ፒፓቸውም ጠፋ፣ መልሰው አልለኮሱትም።

እንድትነግራት የተላከችው እትዬ አስካለ ነበረች። በሩ ላይ ቆማ ነው የተናገረችው። «ለተዬ፣ በናትሽ እንዳትቀየሚ፣ ለጊዜው ነው። ነገሩ እስኪበርድ። እኔ ምን ላድርግ፣ ማጆሪቲው ወሰነ።» እማዬ «እሺ» አለች። ብርጭቆዎቹን አጥባ ጨረሰች፣ አደራረቀች፣ መደርደሪያ ላይ መለሰች፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ቤት ሄድን።

በዚያው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ አያቴ አስመራ ሞቱ። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። እድሩ ቀድሞ ይሰማል፤ ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ሐዘንተኛው በሩን ሲከፍት ፊታቸውን አይቶ ይረዳል፣ ሲወድቅም የሚይዘው ሰው አለ። ለእናቴ ግን ማን ይምጣላት? ጣልያን የምትኖር የአጎቷ ልጅ ኮል አደረገች። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እማዬ ስትወድቅ የያዝኳትም እኔ ነኝ፤ ከበደችኝ።

ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፍን። ወንበሮቹን ግድግዳ ግድግዳውን አስያዝን። በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። ከእድሩ የተባረሩት ሌሎች ሰዎች የራሳቸውን አቋቁመው ነበር፤ እነሱም ቋንቋችንን አትናገርም፣ የነዚያ ናት ብለው አልጠሯትም። ከዚህም ከዚያም የቀረች ሴት ነበረች። በወንበሮቹ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ቅዳሜ ዕለት ኮሪደሩ ላይ የአማርኛ ድምፅ ሰማሁ። «እማዬ፣ መጡ!» ብዬ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። እትዬ አስካለና ሁለት የእድር ሴቶች አሳንሰር ይጠብቃሉ። ያገር ልብስ ለብሰዋል፣ ሽቷቸው እኔ ጋ ደርሷል፣ የነጠላቸው ጥለት ከታች ነው። ክርስትና እየሄዱ ነበር፤ እዚያው፣ እናቴ ባገኘችላቸው አዳራሽ። እትዬ አስካለ አየችኝ። ዞር ብላ የአሳንሰሩን ቁልፍ ደግማ ተጫነችው።

«ለማሚ ሃይ በይልኝ፣ እሺ?» አለችኝ። አሳንሰሩ ተከፈተና ገቡ።

ስዞር እማዬ ከኋላዬ ቆማለች። ልትቀበላቸው ተነሥታ ነበር። ጥለቶቹን አይታለች። ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። እስከዚያ ቀን ሰው መጥላት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አወቅሁ፣ እስከ ዛሬም አልረሳሁትም።

ወደ ማታ በሩ ተንኳኳ። እማዬ ለጽዳት ብትቀርባቸው አባባ ካሬል ጠዋት ደውለው ነበር፤ ምን እንደደረሰብንም ነግሬያቸዋለሁ። አባባ ካሬል የሰፋቸው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ደረታቸው ላይ ሪባኑ በጥቁሩ በኩል ተሰክቷል። እማዬ እሱን ስታይ ጮኻ አለቀሰች፤ በዚያ ሁሉ ቀን ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የሰማኋት ያኔ ነው። ከባዶዎቹ ወንበሮች አንዱን ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። አባቷን እያነሣች በአማርኛ ነገረቻቸው፤ በጭቃ ጊዜ ትከሻቸው ላይ አድርገው ትምህርት ቤት እንደሚያደርሷት፣ ሲቆጧት እንኳ ሳቃቸው እንደሚያመልጣቸው። ላስተረጉም ስል እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝ። አንዲት ቃል ሳይገባቸው እስክትጨርስ አዳመጧት።

የቼኮቹ ማኅበር ያኔ ሰው አልቆበት ነበር፤ ልጆቻቸው አይመጡም። አባባ ካሬል አዳራሹን ለእኛ እድር እናውርሰው እያሉ ከቀሩት ጥቂት አዛውንቶች ጋር ሲሟገቱ እንደከረሙ እኔና እማዬ እናውቅ ነበር፤ ወሬው እድሩም ጋ ደርሶ ነበር። «ቢያንስ ሰው የሚቀብር ሰው ይግባበት» ይሉ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አንድም ጊዜ አላነሡትም። እሳቸው ሞተው ብዙ ሳይቆይ አዳራሹ ተሸጠ፤ ዛሬ ሶፋ ይሸጥበታል። የእድራችን ሰዎች እስካሁን «ፈረንጅ ምን እምነት አለው፣ ተስፋ ሰጥቶ ለገንዘብ ሸጠብን» ይላሉ። እኛን የጠየቀን የለም፣ እኛም አልነገርናቸውም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ነበር። ዘመኑ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ይቅር ለእግዜር አሉ። ማንም «እኛ ነን» አላለም። እማዬ «አልተቀየምኩም» ብላ ወደ እድሯ ተመለሰች። እኔ መኝታ ቤቴን ዘግቼ ነበር።

ባለፈው ዓመት እትዬ አስካለ ሞተች። እማዬ አሁን ጉልበቷን ስለሚያማት የምወስዳት እኔ ነኝ። ጠዋት ስደርስ ለብሳ ጨርሳ ደጅ ቆማ ነበር። መኪና ውስጥ «ለምኗ ብለሽ ነው የምትሄጂው?» አልኳት። የነጠላዋን ጥለት አንገቷ ላይ አስተካከለች። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ከእኛ በፊት የመጣ ሰው የለም።

«ነይ እንግባ» አለችኝ።

«አንቺ ግቢ።»

«አዝላሻለች እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። ጥቂት አየችኝና ወረደች፤ የደረጃውን ብረት ተደግፋ አንድ እግሯን እየጎተተች ገባች።

ከእነዚያ የምድጃ ዳር ምሽቶች ምን ቀረልኝ ብዬ አስብ ነበር፣ እዚያው ተቀምጬ። ተረቱን ለሁለታችንም ነው ያወሩት፤ አፌ እያለፈበት ለእሷ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። እሷ ጋ ደረሰ። እኔ ጋ ምን ሆኖ እንደቀረ አላውቅም።

ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ያን ቀን አሳንሰር ከጠበቁት ሁለት ሴቶች አንዷ፣ አርጅታለች፣ አየችኝና ወደ መኪናው መጣች። መስታወቱን አንኳኳች። «ምነው ብቻሽን፣ የለተዬ ልጅ? ነይ እንጂ፣ ለቅሶ እኮ ነው!»

መስታወቱን አላወረድኩላትም።