የልጄን ትምህርት ቤት የፈተንኩበት ቅዳሜ

ፈረስ ማየት አውቃለሁ። ማረሱንም አርሻለሁ፣ ሰው እኔን ብሎ የሚመጣው ግን ለፈረስ ነበር። በአዘናም በዳንግላም ገበያ ፈረስ ሊገዛ ያሰበ ሰው እጄን ይዞ ይወስደኝና «እስቲ እይልኝ» ይላል። ጥርሱን አያለሁ፣ እግሩን አንስቼ ሰኮናውን እዳብሳለሁ፣ ዳገት አስወጥቼ ቁልቁለት አስወርደዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን «ጌታው ገለል ይበል» እላለሁ። ፈረስ ጌታው አጠገቡ ከቆመ አለንጋውን እያሰበ ሕመሙን ይደብቃል። የሚያነክሰው እንኳ ቀጥ ብሎ ይረግጣል። እውነተኛ አካሄዱ የሚታየው ጌታው ከራቀ በኋላ ነው። በዚህ ተሳስቼ አላውቅም። የተሳሳትኩት ቤቴ ውስጥ ነው።

ሁለት ልጆች ነበሩን፣ ሴት እና ወንድ። ሴቷ ተምራ ዳንግላ አስተማሪ ሆነች። ወንዱ ከኔ ጋር ቀረ፤ ፈረስም እንደኔ ያይ ነበር። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ፈረሴን ሽጠን ባጃጅ እንግዛ አለኝ። ገበያ መሐል ነው ያለኝ፣ ሰው እየሰማ። እኔም ሰው እየሰማ መለስኩለት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። በማግሥቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ፤ በዚያው ወባ ያዘውና ሞተ። የቀበሩት አብረውት ያጭዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ወሬው በስልክ መጣ፤ መቃብሩን አላየነውም።

ተዝካሩን ካወጣን በኋላ እናቱ ጠዋት ማታ ስሙን እየጠራች ታለቅስ ነበር። እያንዳንዱ ጥሪ እኔን የሚወቅሰኝ መሰለኝ። አንድ ቀን «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስሙ እንዳይነሳ!» አልኩ። እሷም እሺ አለች። ስሙን አላነሳችም፤ ሌላውንም ነገር አብራ ተወችው። ሥራዋን ትሠራለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ስትጠየቅ «ደኅና» ትላለች። ማታ ማታ ለጎረቤት ሁሉ ወሬ የነበራት ሴት እንዲህ ሆነች። ጠበል ወሰድናት። ጤና ጣቢያም ወሰድናት፤ መርምረው «ምንም የለባት» አሉን።

በዚህ መሐል ነው ልጄ ሥነ ልቦና ልማር ብላ የመጣች። የእንጅባራው ዩኒቨርሲቲ ገና ግንባታ ላይ ነበር። እሷ ያገኘችው ትምህርት ደግሞ በስልክና በኮምፒዩተር የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ቅዳሜና እሑድ። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። ቅዳሜና እሑድ እየመጣች የእናቷን ልብስ የምታጥብ፣ አብራት የምትበላ፣ ጸጉሯን የምትሠራ እሷ ናት። እኛ ዘንድ ኔትወርክ የለም፤ ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በጥርባ በኩል ነው። ስለዚህ ልትማር ከሆነ ሁለቱን ቀን ዳንግላ ትቀራለች፣ እናቷ ደግሞ ከኔ ጋር ትሆናለች። የኔ እሺታ የግድ ሆነ። እሷም ቃሌን አልፋ የምትሄድ ልጅ አይደለችም።

«ይፍቀዱልኝ ሳይሆን ይዩልኝ ነው የምልዎት አባባ» አለችኝ። «ፈረስ እንደሚያዩት ይዩልኝ። ጥሩ ካልሆነ እተወዋለሁ።»

እንጅባራ ወርደን አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥን። ስልኳን ከፍታ አስተማሪውን አሳየችኝ። መነጽር ያደረገ ሰው ነው፤ ጥሩ እየተናገረ ሳለ በድንገት አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ምን ሆነ?»

«ኔትወርክ ነው አባባ።»

«እኔ መንጋጋው የተያዘ መስሎኝ። ይሄ ነው የታመመ የሚያድን?»

ሳቀች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከዚያ መጠየቅ ጀመርኩ። የሚሰጡት ወረቀት አገራችን ውስጥ ይሠራል ወይ አልኳት። ይሠራል፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያውቀዋል አለችና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አወጣች። «የገበያ ደረሰኝም ማኅተም አለው፤ በማኅተም የተሸጠ አንካሳ ፈረስ ስንቱን አይቻለሁ» አልኳት። አስተማሪዎቹ ራሳቸው በሽተኛ ያያሉ ወይ አልኳት። ያያሉ፣ ጠዋት ሐኪም ቤት ውለው ነው የሚያስተምሩት አለች። ተማሪውስ ከሰው ፊት ይቀመጣል ወይስ ከስልክ ብቻ? ይቀመጣል፣ የመጨረሻው ዓመት ልምምድ ነው፤ ያየውን ሁሉ ለበላዩ አስተማሪ ያቀርባል፣ ካልረካበት አያሳልፈውም አለች።

ይህ ደስ አለኝ። ግን ወሬ ነው፤ ፈረሱን ራሱን አላየሁም።

«ያስመረቁት ሰው አለ? እዚህ አካባቢ ያለ?»

«አንዲት ልጅ አለች። የአዘና ልጅ ናት፣ እዚሁ እንጅባራ ነው የምትሠራ።»

«አምጪያት። ከእናትሽ ጋር ትቀመጥ። እኔ አያለሁ።»

ስልኳን ዘጋችና «እማዬ መፈተኛ ትሁን?» አለችኝ።

«ምዝገባውስ መቼ ነው የሚዘጋ?»

«ሰኞ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ትምጣ።»

ቅዳሜ መጣች። ዝናብ ነበር፤ ባጃጁ ጭቃውን አልደፍርም ብሎ ከታች አውርዷት ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ቀጭን፣ ገና ልጅ ናት። ልጄ እግሯን አስታጠበቻትና ገባች። እኔ መደቡ ላይ ከባለቤቴ ትይዩ ቦታዬን ይዣለሁ።

ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ «አባቴ፣ ለፈተና ከሆነ የተጠራሁት አይሆንም» አለች። «እናቴ ከፈቀዱ ግን ትንሽ አብሬያቸው እቀመጣለሁ።» ወደ ባለቤቴ ዞራ በአዊኛ ፈቃዷን ጠየቀቻት። ባለቤቴ አንገቷን ነቅንቃ እሺ አለች።

«እንግዲህ አባቴ፣ ትንሽ ወጣ ቢሉልን።»

«ቤቴ እኮ ነው! በዚህ ዝናብ ወዴት ልውጣ?»

«ጎረቤትም ቢሆን። ለአንድ ሰዓት ነው።»

«ባሏ ነኝ። እኔ የማልሰማው ምን አላት?»

ልጄ ከበሩ ላይ «አባባ» አለችኝ፣ እንደ ልመና። አልሰማኋትም። ልጅቷ አየችኝና «እሺ፣ እንግዲያው ዛሬ ብዙ አንነጋገርም» ብላ ተቀመጠች።

እውነትም ብዙ አልተነጋገሩም። ቀኑን እንዴት ነው የሚገፉት አለቻት። ባለቤቴ እኔን አየችና «ደኅና» አለች። እንቅልፍስ? «ደኅና።» ከዚያ ልጅቷ ዝም አለች። እኔ አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትመክራለች እያልኩ እጠብቃለሁ። አንድ የእግዜር ቃል እንኳ የላትም። ባለቤቴ የነጠላዋን ጥለት ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ልጅቷ እጇን እጇን ታያለች።

በመጨረሻ «ልጆች አሉዎት?» አለቻት።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየቷ ዛሬም ከፊቴ አልጠፋም። ከንፈሯ ተላቀቀ። እኔ ግን ቀደምኳት።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችን» አልኩ። «ያቻትና፣ በሩ ላይ።»

ባለቤቴ ጥለቱን መጠቅለል ቀጠለች።

ሰዓቱ ሲያልቅ ዝናቡም አባራ። ባለቤቴ ተነስታ እንግዳዋን ልትሸኝ እስከ አጥሩ ሄደች። እኔ የበሩ ደፍ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። እዚያ ቆሙ፤ የመሸኛ አቋቋም አልነበረም፣ ረጅም ነበር። ልጅቷ ጫማዋን እንደያዘች ራሷን ዝቅ አድርጋ ትሰማለች። የሴት ስንብት መቼ ያልቃል ብዬ ገባሁ።

ማታውን ልጄ ፍርዴን ጠየቀችኝ። «ጥያቄ ጠየቀች፣ መልስ አላገኘች፣ አፏን ዘግታ ተቀመጠች፣ ሄደች። ይሄንንማ የጎረቤት ሴትም ታደርገዋለች። ዓመታት አስተምረው ያወጡት ይቺን ከሆነ ትምህርት ቤቱ አንካሳ ነው። ይቅርብሽ» አልኳት። ክርክር ጠብቄ ነበር። «እሺ አባባ» ብላ የእናቷን ጸጉር ልትሠራ ተነሳች። ሰኞ አለፈ።

ዓመት ሳይሞላ ባለቤቴ ሞተች። ደም ግፊት ነው አሉ፤ በሩ ላይ ወደቀች፣ አልተነሳችም። እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ከአርባዋ በኋላ ቤቱ ለኔ ብቻ ቀረ። ዝምታው ያው የለመድኩት ነው፣ አሁን ግን ዝም የሚል ሰው የለም። አንድ ጠዋት ያ የአጥሩ አቋቋም መጣብኝ። ምን ነበር የምትላት? ተነስቼ እንጅባራ ሄድኩና ልጅቷን ከቢሮዋ አገኘኋት። ቆማ ተቀበለችኝ፤ የባለቤቴን መሞት ሰምታለች፤ አለቀሰች።

«አጥሩ ላይ የነገረችሽን ንገሪኝ» አልኳት።

«አልችልም አባቴ።»

«ባሏ እኮ ነኝ!»

«አውቃለሁ።»

«ሞታለች እኮ፣ ከእንግዲህ ማን ይቀየምሻል?»

«ቢሞቱም ቃሉ የእርሳቸው ነው። ለማንም አልናገርም ብያቸዋለሁ። ትምህርት ቤቱም እንደዚህ ነው ያስተማረን።»

ጮህኩባት። በዱላዬ ጠረጴዛዋን መታሁት። ሰው በሩን ከፍቶ አየን። እሷ ከወንበሯ አልተነቃነቀችም፣ ድምፅዋም አልጠነከረም። «ስለ እርሳቸው አልነግርዎትም። ስለ ራስዎ ሊነግሩኝ ከፈለጉ ግን እስኪመሽ እሰማለሁ» አለችኝ።

ፈረስ ስፈትን መጨረሻ ላይ በድንገት ከፊቱ ዱላ አነሳለሁ። የሚደነብር ብዙ ነው። ቆሞ የሚያየኝን ግን «ግዛው» እላለሁ፣ ሌላውን ሁሉ እንኳ ባላይ። ከዚያች ልጅ ፊት ዱላዬን እንዳነሳሁ ቆምኩ፤ ከዚያ አወረድኩት። ፈተናውን ያለፈችው ያን ቅዳሜ ነበር። ጌታው ገለል ይበል ስል የኖርኩት ሰውዬ ከቤቴ አልወጣም ብዬ መደቡ ላይ ተጎልቼ ነበር። ዝም ያለችው ስላልተማረች አልነበረም።

ያን ቀን ስለ ራሴ አልነገርኳትም። አልቻልኩም። ከዚያው ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ወረድኩ። ልጄ የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም ደረስኩ።

«ያ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው» አልኳት። «ዛሬ አየሁት።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አውቅ ነበር አባባ።»

«ካወቅሽ ያኔ ምነው ዝም አልሽ?»

«እዚያ ቤት ማን ይናገራል?»

በቁጣ አይደለም ያለችው። ውኃው ቀዝቅዟል እንደሚባለው አለችው። ተመዝገቢ አልኳት፤ የምትፈልጊውን ቀን ሁሉ ተማሪ፣ እኔ እንደሆንኩ ማንንም አልፈልግም አልኳት። የፈለግኩት ለእማዬ ብዬ ነበር አለች። ቆይታ አየዋለሁ አለች። ወረቀቱን መልሳ ሳበችው። ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተመዘገበችም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም፤ መጠየቅ የሚገባኝን ያህል ጠይቄያለሁ።

በማግሥቱ ቤቴ ስገባ አጥሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ ባለቤቴ በቆመችበት ቦታ። ከዚያ ላይ የቤታችን በር ወለል ብሎ ይታያል። ያን ቀን ደፉ ላይ ቆሜ ሳያት ብትዞር ኖሮ ታየኝ ነበር። ግን አልዞረችም። እኔ ያየሁት ጀርባዋንና ነጠላዋን ነው። ስትናገር ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ያየችው ያቺ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ አትናገርም።

እዚያው ቆሜ የወንድ ልጄን ስም ጠራሁት። ድምፅ አውጥቼ፣ ወደ ቤቱ ዞሬ። በሩ ዝግ ነበር፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር።