ዳማ የሚያድርበት ቤት

ጎረቤቴ ኦቦ በርናባስ ጉቴ ከተማ ውስጥ የፈረስ ጋሪ ይነዳሉ። ቫይረሱ በደማቸው ካለ ቆይቷል። ዘንድሮ ሳል ጠናባቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ቢውጡም አልለቀቃቸውም። ነቀምቴ ሆስፒታል ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ አክታቸውን ደግማ አስመረመረችና፣ «ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» አለቻቸው።

«ብቻዬን።»

ተናደድኩ። «ዳማስ? ጅብ እንዳይበላባቸው ፈረሳቸውን አጠገባቸው ነው የሚያሳድሩት» አልኳት።

ለካ የያዛቸው ከፈረስ ፋንድያ የሚነሳ ተህዋስ ነው፤ ጤነኛውን እምብዛም አይነካም፣ እንደሳቸው አቅሙ በደከመ ላይ ግን ይበረታል። ሌላ መድኃኒት አዘዘችና፣ «ከእንግዲህ ከፈረሱ ጋር አንድ ቤት አይደሩ» አለቻቸው። እሺ አሉ።

በማግስቱ ስሄድ አልጋቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው በማዳበሪያ ከረጢት ጋርደዋል። ዳማ ቤት ውስጥ ነው።

«ጅቡስ?» አልኳቸው።

«እኔ ብጮህ አንቺ ትሰሚኛለሽ። እሱን ማን ይሰማዋል?»