ቸርች እስኪከፈት ድረስ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከተሳሳትኩ ይቅር በሉኝ። ትናንት ከሱቁ መደርደሪያ ሥር የቆየ የሳኒታይዘር ጠርሙስ አግኝቼ እጄ ላይ ሳፈስ፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታው ሜዳውን ከነሣሩ ከነአቧራው አመጣብኝ።

የኮሮና ሁለተኛው ዓመት ነበር። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ቤሪያ በሚባለው ሰፈር፣ እኛ ያለንበት ፎቅ ላይ፣ እዚሁ የተወለደች የኢትዮጵያውያን ልጅ ትኖር ነበር። የምትማርበት ኮሌጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አቋቁሞ እሷን አምበል አደረጋት። ተጫዋች ግን አልሞላም፤ ገሚሶቹ ታመሙ፣ ገሚሶቹን ቤተሰብ ከለከላቸው። ከውጭ ሰው እንዲያስገቡ ተፈቀደላቸው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆመችኝና "ሲስ፣ ዐሥር ብቻ ነን። ሩጫ ትችያለሽ?" አለችኝ። ትሮይቪል የሚባል ሰፈር፣ ወንድሜ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ውዬ እግሬ ዝሏል። እሺ አልኳት። ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

ወንድሜ ሳቀ። "አንቺ? ደንበኛ ሰላም ሲልሽ ከፍሪጁ ጀርባ የምትደበቂው?" ኋላ ግን ፈቀደልኝ። ጨዋታው እሁድ እሁድ ነው፤ ቸርች ደግሞ በኮሮና ምክንያት ተዘግቷል። "ቸርች እስኪከፈት ድረስ ብቻ" አለኝ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ አሰልጣኙ በአገሩ ቋንቋ፣ በዙሉ፣ "ሼሻ! ሼሻ!" እያለ ጮኸ። ለአገሩ አዲስ ነበርኩ፤ ሽሺ ያለኝ መሰለኝ። ሸሸሁ። ኳሷን ትቼ እስከ ራሳችን ግብ ድረስ ሮጥኩ፤ ጎል ገባብን። አምበሏ ሣሩ ላይ ተዘርራ ሳቀች። "ፍጠኚ ነው እኮ ያለሽ!" ማልያዬን ፊቴ ላይ ስቤ አለቀስኩ። በሚቀጥለው እሁድም ግን መጥታ በራችንን አንኳኳች።

ከዚያ በኋላ ሰባት እሁድ ተጫወትን። ተመልካች አልነበረም፤ የሚሰማው የእኛ ትንፋሽና የታክሲዎች ጥሩንባ ብቻ ነው። ብዙውን ተሸነፍን። ቢሆንም ሜዳው ላይ ስሜን የሚጠራ ሰው ነበር። ስጸልይ፣ ማፈሬን እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጨዋታዎቹ ሳያልቁ ቸርች እንዳይከፈት እለምን ነበር።

አንድ ጨዋታ ሲቀረን ተከፈተ። ያን ጨዋታ ካሸነፍን ኮሌጁ ቡድኑን ለቀጣዩ ዓመት ሊያቆየው ቃል ገብቶ ነበር። ወንድሜን አንዴ ብለምነው ምናልባት እሺ ይለኝ ነበር። አፌ አልከፈት አለኝ።

ተሸነፉ። ቡድኑ ፈረሰ፤ እሷም ከቤተሰቧ ጋር ሌላ ከተማ ገባች።

ዛሬም ደክሞኝ ቁጭ ስል ያ እሁድ ጠዋት ይመጣብኛል። ማልያዋን ለብሳ በራችን ላይ ቆማለች። እኔ ለቸርች ለብሻለሁ፤ ወንድሜ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ከኋላዬ ነው። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። አልተቆጣችም። ጭምብሏን ዝቅ አደረገችና፣

"አይዞሽ ሲስ" አለችኝ፣ "ዐሥር ሆነን እንገባለን። አንቺ ቦታ ላይ ማንንም አላቆምም።"