የዑምዳ ድንጋይ

በዓሣ ጠባቂነቴ የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ዓሣ ሳይሆን የተቃጠለ ፓምፕ ነበር። መተማ ዮሐንስ፣ በሰሊጥ ባለሀብቱ በአቶ ደምሌ ሳሎን ውስጥ፣ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ቆሟል። አቶ ደምሌ ፖርት ሱዳን፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አይተው ወደውት ነው ያሠሩት። የባሕሩ ውሃም፣ ድንጋዩም፣ ዓሣውም የመጣው በሾፌራቸው በዑስማን መኪና ነው።

«ጄኔሬተር ታክም የለ? ይኸንም አክም» አሉኝ።

«ጄኔሬተር አይራብም፣ ጋሼ» አልኋቸው። ሣቁ፤ ሥራው የእኔ ሆነ።

ወደ ቆላ የወረድሁት ሳሉግ ሆኜ ነው፤ ለምንጣሮና ለአረም የሚመጣውን የደጋ ሠራተኛ እንዲያ ይሉታል። በመጀመሪያው ዓመት ሽንፋ ላይ በመጥረቢያ የመነጠርሁት የእሳቸውን መሬት ነበር። ሞተር የተማርሁት ፈትቼ በመግጠም ነው፤ ትምህርት ቤት የላከኝ የለም። የዓሣውንም ነገር በማየትና ዑስማን ከፖርት ሱዳን ሻጮች ጠይቆ በሚያመጣልኝ መልስ ተማርሁ።

ውሃው በሙቀት ሲጎድል የሚጨመረው ጨው የሌለው ውሃ ነው፤ ጨው አይተንምና። የማጣሪያውን ስፖንጅ የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ መጀመሪያ የሚያስነሳው ፓምፑን ነው።

«ሥጋዬ ፍሪጅ ውስጥ ይበላሽ?» ይሉኝ ነበር የአቶ ደምሌ ባለቤት፣ እትዬ ስንዱ።

«ሥጋው ሞቷል፣ እትዬ። ዓሣው ገና ነው።»

ዑምዳ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ሰማያዊ ዓሣ ነበር። ቀድሞ ስለገባ የድንጋዩን ክምር በሙሉ ያዘ። እጄን ስከት ጣቴን ይነክሳል። አቶ ደምሌ ይህን አይተው ስም አወጡለት፤ ዑምዳ ከድንበሩ ማዶ የመንደር ሹም ነው።

እትዬ ስንዱ ገንዳው ደመቅ እንዲል ሁለት ቢጫ ዓሣ አስመጡ። «ሳሉጎቹ መጡ!» ብለው ቀለዱ አቶ ደምሌ። ዑምዳ ግን አልቀለደም። አንዱን ክንፉን በልቶ ገደለው። ሌላው ጅራቱ ተቦጫጭቆ ከፓምፑ ቱቦ ኋላ ተሸጎጠ። ምግብ ሲወርድ እንኳ አይወጣም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አቶ ደምሌ ገባሁ። ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ሁሉም ባለ እርሻ ናቸው።

«ድንጋዩን አፍርሼ እንደገና ልደርድር፣ ጋሼ።»

«ለምን ተብሎ? ይልመድ እንጂ! ሳሉግ መጀመሪያ እንዲህ ነው።»

«የሞተ አይለምድም።»

«ስማ፣ ይርጋ። እዚህ አገር ቀድሞ የመነጠረ ነው ባለ ቦታ። ዑምዳ ቀድሞ ይዟል፤ በቃ።»

«ዑምዳ አልመነጠረም። ድንጋዩን የደረደርሁት እኔ ነኝ።»

እንግዶቹ ወደ አቶ ደምሌ ዞሩ። ሽንፋ ላይ መጥረቢያ የያዘው ማን እንደነበር እሳቸውም ያውቃሉ።

«ስለ ዓሣ ነው የምታወራ?»

«ስለ ዓሣ ነው። ሌላ ከሰሙ፣ የሰሙት እርስዎ ነዎት።»

«አንዲት ድንጋይ ብትነካ ከግቢዬ ትወጣለህ!»

ከሚስቴና ከልጆቼ ጋር የምኖረው በዚያው ግቢ፣ በሠራተኛ ቤት ነበር። ትልቁ ትንሹን ሲመታ ዝም ብሎ ያየውን ልጄን ከመቺው እኩል የምቀጣ አባት ነኝ። ቤቴ የምናገረውን ቃል ሳሎን ውስጥ መዋጥ አልሆነልኝም።

እጅጌዬን ሰበሰብሁ። ዑምዳን በመረብ አውጥቼ የገንዳው ውሃ ባለበት ባልዲ አስቀመጥሁት፤ የአየር ቱቦም አስገባሁለት። ጠላቴ አይደለም። አንዱን ክምር አፍርሼ ሦስት አደረግሁት፤ ከአንዱ ሌላው እንዳይታይ በየመካከሉ ድንጋይ አቆምሁ። የዑምዳን ጉድጓድ ገለበጥሁት።

«ደምሌ፣ ሰውዬህ የመሬት ድልድል ጀመረ!» አለ አንዱ እንግዳ። የሣቀ የለም።

በመጨረሻ ዑምዳን በጋለ ምስማር በበሳሳሁት የፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ ገንዳው ውስጥ አንጠለጠልሁት። ያያል፤ አይነክስም።

በማግሥቱ ዕቃችንን ይዘን ወጣን። እትዬ ስንዱ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ዓሣውንስ ማን ያየዋል?»

«እመጣለሁ፣ እትዬ። እንደ ማንኛውም ጠጋኝ፣ በዋናው በር።»

አቶ ደምሌ በረንዳ ላይ ነበሩ። እሺም እንቢም አላሉ። መጣሁ።

ቢጫው ወጥቶ መብላት ጀመረ፤ ጉድጓድም መረጠ። ጅራቱ ሲያገግም ዑምዳን ለቀቅሁት። በቀጥታ ወደ ድሮ ቤቱ ሄደ፤ ቤቱ የለም። ዞረ፣ ቢጫው ላይ ተወረወረ። ቢጫው ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመና አልሸሸም። ዑምዳ ማዶ ያለውን ክምር ያዘ። መባረሩ አልቀረም፤ መገዳደሉ ቀረ።

አቶ ደምሌ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«አሁን ማነው ዑምዳ?»

«ማንም አይደለም» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ ጎንደር ሆቴሎች ውስጥም የዓሣ ገንዳ ጠብቄአለሁ። ለጀማሪ የምለው ይህንኑ ነው። አዲስ ዓሣ ስታስገቡ ድንጋዩን አፍርሳችሁ እንደገና ደርድሩ። ነባሩን መጨረሻ አስገቡ።