ማንም ያላንኳኳው በር

ባለፈው ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወዳጄ ሽፈራው የእህቱን መርዶ ሰማ። እኔና ባለቤቴ በዚያው ቀን ሄደን ተቀመጥን። ልጄ ናሆም ግን ከሽፈራው ቤት አምስት ደቂቃ በማይርቅ ቦታ እየኖረ እስከ ሦስተኛው ቀን አልመጣም። ሽፈራው በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ብሎ ያይ ነበር። አላስችል አለኝና ወጥቼ ለናሆም ደወልኩ።

"ምን ነካህ? እጁ ላይ ነው እኮ ያደግኸው!"

"አባዬ፣ ቴክስት አድርጌላቸዋለሁ። መቼ ልምጣ ብዬ። አልመለሱልኝም።"

"ለቅሶ ቤት መቼ ልምጣ ተብሎ ይጠየቃል?"

"እንደማይጠየቅ ማን ነገረኝ?"

ተቆጥቼ ዘጋሁበት። ልጆቼን ሳሳድግ ከምክሬ ቁጣዬ ይበዛ እንደነበር አልክድም። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው ግን ቁጣዬ በረደ። እውነቱን ነው፣ አልነገርኩትም። ለእኔም የነገረኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ያን ጊዜ ነው የሚስ ዶሪስ ነገር ትዝ ያለኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ታኮማ ፓርክ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ወደዚህ አገር ካስመጣችኝ ዓመት አልሞላኝም። ከእሷ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ፣ የእግረኛ መንገዱ በሸክላ ጡብ በተነጠፈ አሮጌ ሰፈር፣ ሚስ ዶሪስ የሚባሉ ባልቴት ቤት እያደርኩ እንከባከባቸው ነበር። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ ስለሆንኩ በትርፍ ጊዜዬ መዝገበ ቃላት አነባለሁ። የመንጃ ፈቃዱን መጽሐፍ በቃሌ ይዤዋለሁ። የዚህ አገር ሕግ ሁሉ ተጽፎ የተቀመጠ ስለሚመስለኝ፣ ያነበበ ሰው አይሳሳትም ብዬ አምን ነበር።

ሚስ ዶሪስ ኦሃዮ የሚኖር አንድ ልጅ ነበራቸው። ቤቱን ሽጠሽ እኔ ዘንድ ነይ እያለ በየሳምንቱ ይወተውታቸዋል። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "የሰፈሩ ልጆች በሃሎዊን ቀን በሬን እስካንኳኩ ድረስ የትም አልሄድም።" ልጆች ጭምብል አጥልቀው ቤት ለቤት ከረሜላ የሚጠይቁበት በዓል መሆኑን አስረዱኝ። "ባሌን የቀበርኩ ዓመት እንኳ አልቀሩም" አሉኝ። የሙት አጽም መስሎ ከረሜላ መለመን ምን የሚሉት በዓል እንደሆነ አልገባኝም። ቤት ለቤት መዞሩን ግን ቡሄ ስጨፍር ስላደግሁ አልናቅሁትም።

ቀኑ ደረሰ። የረገፈው ቅጠል እርጥብ መሬት ላይ ይሸታል። እኔ የጽጌን ጾም ይዤ ምስር ወጥ እየሠራሁ ነው። ሚስ ዶሪስ ብርቱካንማ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ቸኮሌት የሞላ ትልቅ ሳህን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በሩ አጠገብ ወንበር ይዘዋል። ገና አሥር ሰዓት ነበር። ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የበረንዳው መብራት ይበራል። ረስተውት ነው ብዬ አጠፋሁት። በከንቱ የሚበራ መብራት ማየት ዛሬም አልወድም።

ሲጨልም ልጆቹ መጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ አንዱ አጽም፣ አንዱ አንሶላ የለበሰ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ ንብ ሆናለች። ከጎረቤት ደረጃ ወርደው እኛ ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ ቤቱን ቀና ብለው ያያሉ፣ ያልፋሉ። ንቢቱ ደረጃችን ላይ እግሯን ስታነሣ ትልቁ ልጅ እጇን ጎትቶ ወሰዳት። ግራ ገባኝ። እኛ ቡሄ ስንጨፍር ክፉ ውሻ ያለበትን ግቢ እንኳ አናልፍም ነበር። ኋላ ላይ፣ የእኔን ጥቁር ፊት በመስኮት አይተው ፈርተው ይሆናል አልኩና ሹልክ ብዬ ኩሽና ገባሁ።

"ዳኒ፣ አንኳኩ እንዴ?" ይሉኛል በየመሐሉ።

"ገና ናቸው" እላለሁ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ሳህኑን አቀበሉኝ። "ረስተውኛል" አሉ። ስልኩን አንሥተው ልጃቸውን "እሺ፣ እመጣለሁ" ሲሉት ሰማሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ውሻዋን የምታንሸራሽር ጎረቤት በር ላይ አገኘችኝ። "ዶሪስ ደኅና ናት? መብራታችሁ ጠፍቶ ስናይ ታማለች ብለን ልጆቹን እንዳታንኳኩ አልናቸው።"

"የምን መብራት?"

"የበረንዳው ነዋ! መብራቱ የጠፋ ቤት አይንኳኳም። ይሄን የማያውቅ አለ?" ብላ ሳቀች።

የት ነው የተጻፈው ልላት ነበር። በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩትም። ይህች ሴትም አላነበበችውም፤ የእናቷን እጅ ይዛ ስትዞር ነው ያወቀችው፣ ማወቋንም አታውቀውም።

ገብቼ ነገርኳቸው። "ልጆቹ አልረሱዎትም። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁኑኑ ለልጅዎ ይደውሉለት።"

ሚስ ዶሪስ እንቁላላቸውን በሹካ ሲቆራርጡ ቆዩ። "ለልጄ እንዳትነግረው" አሉኝ በመጨረሻ።

"መሄድዎ ግን ይቀራል፣ አይደል?"

"አይቀርም። ቸኮሌቱን ብላ።"

"ጾም ነኝ።"

"እንግዲያው ለእህትህ ልጆች ውሰድላቸው።"

ከገና በፊት ሄዱ። ሊወስዳቸው የመጣው ልጃቸው ለሚቀጥለው ሥራዬ የሚሆን የምስክርነት ደብዳቤ ጽፎ ሰጠኝ። ታማኝ ሠራተኛ ነው ይላል። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ሚስ ዶሪስ ከመኪናው ውስጥ ያዩኛል። ዋጥኩት።

ይህን ሁሉ ትናንት፣ ናሆም በመጨረሻ ለቅሶ ደርሶ ከሽፈራው ቤት አብረን ስንወጣ፣ ነገርኩት። አልሳቀም። "ለምን አትንገረው አሉህ?" አለኝ። "አንተን እንዳያባርርህ ነው? ወይስ መሄዱን እሳቸውም ፈልገውት ነበር?"

አንዳንድ ቀን ለእኔ ብለው ነው እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ከዚያ ቤት ለመውጣት የሰው ጥፋት ያስፈለጋቸው ይመስለኛል። መብራቱን ሳጠፋው አይተው ዝም ብለውኝ ይሆን ያልኩበትም ቀን አለ። ልጆቼ ለጠየቁኝ ሁሉ፣ ለማላውቀውም ጭምር፣ ቁርጥ ያለ መልስ ስሰጥ ነው የኖርኩት።

"አላውቅም" አልኩት።

ናሆም እርምጃውን ገትቶ ዘወር ብሎ አየኝ። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ።